ያልታጠበው ቀለበት

የወርቅ ሠሪው የሰይድ ሱቅ ደሴ ፒያሳ፣ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ ነው። ያን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እዚያ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። ሰይድ ከመስታወቱ ሣጥን በስተኋላ ተቀምጧል። ልጄ ብርሃኑ በስተቀኝ ክርኑን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ቆሟል። ከኮምቦልቻ የመጣችው የኢንሹራንስ ሠራተኛ ሰላማዊት በስተግራ ወረቀቷን ዘርግታ ቆማለች። ጎረቤቴ ፋጡማ ደጃፉ ላይ ናት፤ አንድ እግሯ ውስጥ፣ አንድ እግሯ ውጭ። እኔ መሐል ቆሜአለሁ። ሱቁ ውስጥ ለእንግዳ የተቀመጠ አንድ ወንበር ነበር፤ የብርሃኑ ጃኬት ተቀምጦበታል።

ከሁላችን ፊት፣ ጥቁር ጨርቅ ላይ፣ የእኔ ቀለበት አለ።

ስሜ ዘርፌ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ኮምቦልቻ አንድ የፈትል ፋብሪካ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ለተጠየቅሁት እመልሳለሁ፤ ካልጠየቁኝ ዝም እላለሁ። ዝምታዬን ሰዎች እንደ ፈቃድ ሲቆጥሩት እንደኖሩ የገባኝ ግን በዚያ ሳምንት ነው።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ቀለበቱን የገዛልኝ አሰብ ካለ አንድ ነጋዴ ነው። በኪኒን ብልቃጥ ውስጥ ከጥጥ ጋር አድርጎ አመጣልኝ። ደረሰኝ የሚባል ነገር አልነበረውም። አልማዝ ነው አለኝ፤ እሺ ብዬ ተቀበልሁ። ፋብሪካው ውስጥ ቀለበት አድርጎ ማሽን አጠገብ ማለፍ ክልክል ስለነበር ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ።

ከሣጥን ያወጣችው ፋጡማ ናት። ልታገባ ስትል እናቷ መጥታ ለአንድ ቀን አውሽን አለችኝ። በእኛ ሰፈር ልጅ ስትዳር ጌጥ ከየቤቱ ይሰበሰባል፤ ሐብሉ ከአንዱ፣ ጉትቻው ከሌላው። ከእኔ ቤት ቀለበቱ ሄደ። ፋጡማ ዓመት ሳይሞላት ወለደች፣ ቤቷም ሞላ። ከዚያ በኋላ ለሚቀጥለው ሰርግ ሲጠይቁኝ ትልልቆቹ ሴቶች አንድ ነገር አሉኝ፦ ሲመለስ አይታጠብ፣ በረካው ከእጅ ወደ እጅ ይሂድ። የክርስቲያኖቹ ሙሽሮች እናቶችም ምርቃቱ እንዳይታጠብ ብለው ያንኑ ደገሙት። እኔ በዚህ ነገር አምናለሁም አላምንምም አልልም። አይታጠብ አሉ፣ አላጠብሁትም። ለወፍራም ጣት እየሰፋ፣ ለቀጭን ጣት ክር እየተጠመጠመበት፣ የስንቱን ቤት ሰርግ እንዳየ ቆጥሬ አላውቅም።

ከተማችን ያን የጦርነት ክፉ ጊዜ ስታይ እኛ ሸሽተን ነበር። ስንመለስ ቤታችን ተዘርፎ የበሩ እጀታ ሳይቀር ተነቅሏል። ብርሃኑ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። ኮምቦልቻ የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል። መኪናውን ኢንሹራንስ አስገባ፣ ሱቁን አስገባ፣ መጋዘኑን አስገባ። የሚያስገባው ሲያልቅበት ዓይኑ ወደ እኔ ቀለበት ዞረ። አንድ እሑድ ምሳ ላይ እሱም ኢንሹራንስ ይግባ ብሎ ነገሩን አነሣው። ዝም አልሁ። ሰኞ ዕለት ቀለበቱን ይዞ ወደ ሰይድ ሄዶ፣ አስመርምሮ፣ ወረቀት አስጽፎ ተመለሰ።

ረቡዕ በእሱ መኪና የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ገባን። ደሴ ስንነሣ ሁለት ሹራብ ደርቤ ነበር፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ አንዱን አውልቄ በእጄ ያዝሁ። ሰላማዊት ቢሮዋ ውስጥ በአክብሮት ተነሥታ አስቀመጠችን። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። የሰይድን ወረቀት ተቀብላ አነበበች፤ ደግማም አነበበች። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ቀለበት እውነተኛ አልማዝ ያለበት፣ ያማረና የተከበረ መሆኑን አረጋግጣለሁ።»

«ያማረ የሚለውን የት ልጻፈው?» አለች፤ ለመሳቅም ለመቆጣትም አልፈለገችም።

ብርሃኑ በጣም ያማረ ነው አላት። ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን አሳያት። ፎቶው ላይ ከቀለበቱ የበለጠ የሚታየው የራሱ አውራ ጣት ነው።

ከዚያ ጥያቄው ጀመረ። ወርቁ ባለ ስንት ካራት ነው? ጠቅላላው ስንት ግራም ይመዝናል? ድንጋዩስ ለብቻው? ቅርጹ ክብ ነው ወይስ አራት ማዕዘን? ስፋቱና ጥልቀቱ? ቀለሙ? ውስጡ ጭረት ወይም ነጥብ አለው? ድንጋዩን የያዙት ጥፍሮች ስንት ናቸው? ከዚህ በፊት ተጠግኗል? ሁሉንም የጠየቀችው ወደ እኔ ዞራ ነው፤ ሁሉንም የመለሰው ብርሃኑ ነው። ስንት ግራም ስትል ከባድ ነው አላት። ቀለሙ ስትል የአልማዝ ቀለም አላት። መቼ ተገዛ ስትል እሱ ከተወለደ በኋላ መሆኑን ነገራት። የተገዛው ሳይወለድ ነው። ላርመው አፌን ስከፍት ክንዴን ነካ አድርጎ «እማዬ ይህን አታውቀውም» አላት። አፌን ዘጋሁ።

ልጅቷ በትዕግሥት አስረዳችን። ቀለበቱ አንድ ቀን ቢጠፋ ድርጅቱ በምትኩ ሌላ መግዛት ወይም የዚያን ዋጋ መክፈል አለበት፤ ስለዚህ ወረቀቱ ቀለበቱን አይቶት የማያውቅ ሰው ያንኑ የመሰለ መፈለግ እንዲችል ሆኖ መጻፍ አለበት። ፎቶውም ከላይና ከጎን ያስፈልጋል። የገመተው ሰው ፈቃድ ያለው መሆን፣ ስሙና ማኅተሙ ከነቀኑ መኖር አለበት፤ ዋጋውም ዛሬ ለመተካት የሚያስወጣው እንጂ ባለቤቴ አሰብ ላይ የከፈለው አይደለም። በማግስቱ ለሌላ ሥራ ደሴ ስለምትመጣ ሱቁ ድረስ መጥታ ፎቶውን ራሷ ልታነሣ ተስማማች። ያለችው ሁሉ ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ግን ድካሜን አልቀነሰውም።

ስመለስ ፋጡማ ከበራችን ላይ ቆማ አገኘኋት። ልጇ ሐያት ኒካሕዋ ዓርብ ነው፤ ሐሙስ ማታ ሂና ትደረግላታለች። ቀለበቱን ከወር በፊት ጠይቃኝ እሺ ብያት ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ እንድትመጣና ከሰይድ ሱቅ እንደወጣን እንድትቀበለኝ ነገርኋት።

«አላስቸገርኋችሁም እትዬ?» አለች።

«ምን አስቸገርሽ» አልኋት። በበኩሌ የተስማማሁበት ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ሐሙስ የሆነው ይህ ነው።

ሰይድ ወረቀቱ መመለሱን ሲሰማ ቅር ብሎት ነበር። እያጉረመረመ ሚዛኑን ጠረገ። «እኔ ሰው ሲያገባ ነው የማውቀው» አላት ሰላማዊትን። «ሰይድ ያማረ ነው ወይ ይሉኛል፣ ያማረ ነው እላለሁ። ስንት ሚሊ ሜትር ነው ያለኝ ሙሽራ እስካሁን አልመጣም።»

«እኔ አላገባሁም ጋሼ፤ ለዚያ ይሆናል» አለችው።

ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ቀና። ቀለበቱን መዘነ። ወርቁን በመፈተኛው ድንጋይ ላይ አሽቶ አሲድ ጠብ አደረገበት፤ ባለ አሥራ ስምንት ነው አለ። ትንሽ ዞር አድርጎ ደግሞ አሸ፤ እዚያ ላይ ባለ ሃያ አንድ ሆነ። ሰላማዊት ቀና አለች። ሲሰፋ የተቀጠለ ነው ብሎ አስረዳት፤ አንዱን ቅጥያ የቀጠለው እሱ ነው፣ ሌላውን ግን ማን እንደቀጠለው አያውቅም። «የኔ ብየዳ አይታይም። ይሄ ከዚያ ማዶ ይታያል» አለ። ብርሃኑ ይህም ይጻፋል ወይ ብሎ ጠየቀ። የተጠገነ ነገር ሁሉ ይጻፋል አለችው። ፊቱን አጨማደደ፤ መኪናው ተጋጭቶ ያውቃል የተባለ ይመስል ነበር።

ጥፍሮቹ ስድስት ናቸው፣ አንዱ ጎብጧል፤ ተጻፈ። ብዕር የመሰለውን መሞከሪያ ድንጋዩ ላይ ሲያስነካው ድምፅ ሰጠ፤ አልማዝ ነው። ብርሃኑ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰ። እኔ ግን ባለቤቴን ስለማውቀው አልደነቀኝም።

ድንጋዩን ለብቻው ለመመዘን ከጥፍሮቹ መነሣት ነበረበት። ሰይድ ጥፍሮቹ ስላለቁ ካነሣው አዲስ መሥራት እንዳለበት፣ ያም እስከ ሰኞ እንደሚቆይ ተናገረ። ብርሃኑ ሳያስብ ይሁን አለ። በሩ ላይ ፋጡማ ክብደቷን ከአንዱ እግሯ ወደ ሌላው አዛወረች። ልናገር ስል ሰላማዊት ቀደመችኝ፤ ሳይነቀል በስፋቱና በጥልቀቱ ተሰልቶ «በግምት» ተብሎ ቢጻፍ እንደምትቀበል ነገረችው። ሰይድ ለካ። ብርሃኑ እስከ ሰኞ ቢቆይ ምን አለበት እያለ ነው።

የቀረው ቀለሙ ነው። ሰይድ ነጭ ወረቀት አጥፎ ቀለበቱን እጥፋቱ ውስጥ አስቀመጠና ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ጎነበሰ። ብዙ ቆየ።

«ከሥሩ ቀይ አለ» አለ።

«ድንጋዩ ራሱ ነው ቀዩ?» አለች ሰላማዊት። የድንጋዩ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው።

«አይደለም። ሂና ነው። ሂናና ቅባት።» መነጽሩን አወረደና ወደ እኔ አየ። «ሳይታጠብ ስንት ጊዜው ነው እትዬ?»

«ይታጠብ በቃ» አለ ብርሃኑ። «ጥያቄ ነው እንዴ ይሄ?»

ሰይድ ትንሿን ማሰሮ ከነሳሙናው ውኃ ምድጃው ላይ ጣደ። ፋጡማ በሩ ላይ «ያ ረቢ» ስትል ሰማኋት፤ ቀስ ብላ ነው። ውኃው እስኪሞቅ ሰላማዊት የቀሩትን ጥያቄዎች ልጨርስ አለች። ጥያቄዎቹ የቀለበቱ ሳይሆኑ የባለንብረቷ ናቸው አለችና ወደ እኔ ዞረች።

«እናቴ፣ ቀለበቱን ዘወትር የሚያደርገው ማነው?»

ብርሃኑ እሷ ናት አለ። ልጅቷ ግን ዓይኗን ከእኔ አላነሣችም።

«ሙሽሮች» አልኋት።

እስኪብርቶዋን አስቀመጠች። በአጭሩ ነገርኋት። ስጨርስ፣ ደግ ልማድ መሆኑን፣ ውሉ ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቶ የጠፋን ዕቃ እንደማይሸፍን ገለጠችልኝ። ቀለበቱ በእኔ እጅ ወይም በተቆለፈ ቦታ መሆን አለበት።

«አይዋስም» አለ ብርሃኑ። «ከዛሬ ጀምሮ ለማንም አይዋስም። ባንክ ሣጥን እንከራያለን። ጻፊው።»

ሱቁ ጠባብ ነው፤ በሩ ላይ ያለ ሰው የማይሰማው ነገር የለም። ፋጡማ ውስጥ ያለውን እግሯን ወደ ውጭ ሳበች።

«አብሽሩ እትዬ» አለችኝ። «ሐያት ያለ ቀለበትም ታገባለች። አይጨነቁ። እሱም እውነቱን ነው፣ ጊዜው ከባድ ነው።»

ብርሃኑ ያን ጊዜ ነው እዚያ መኖሯን ያየው። ቀላ። ግን ቃሉን አልመለሰም። የሰርጉን ሌላ ነገር በገንዘብ እንደሚያግዛት ሊነግራት ጀመረ፤ እሷም አላህ ይስጥህ እያለች ወደ ኋላ ሸሸች። በሰላሳ ዓመት ጉርብትና ፋጡማ ከእኛ ቤት ስትሸሽ አላየሁም።

ሰላማዊት ተጨንቃ ይሁን ሥራዋን ለመጨረስ እንጃ፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። «ከዚህ በፊት የተሰረቀ ወይም የጠፋ ንብረት አለ?»

«ቤታችን ተዘርፏል» አለ ብርሃኑ። «ምንም አልተረፈም። እኔ ኢንሹራንስ የምለው ለምን ይመስልሻል?»

«ቀለበቱስ?» አለች ሰላማዊት።

ክርኑን ከመስታወቱ ላይ አነሣ።

«ብርሃኑ» አልሁት፣ «ያኔ ቀለበቱ የት ነበር?»

መልሱን ያውቀዋል። ፊቱን ወደ መስታወቱ አዙሮ «ቢስቲማ» አለ።

«ማን ዘንድ?»

«ሙሽራዋ ዘንድ።»

«ሣጥኑስ?»

«ሣጥኑ ተወሰደ፣ እማዬ።»

ነገሩ ይህ ነው። ከመሸሻችን ጥቂት ቀደም ብሎ ቀለበቱን የሰፈራችን ሰው የእህት ልጅ ለሰርጓ ቢስቲማ ከተማ ወስዳው ነበር። መንገድ ተዘጋ። ልጅቱ ቀለበቱን በሹሩባዋ ውስጥ ጎንጉና ያን ሁሉ ጊዜ ከራሷ ላይ አላወረደችውም። መንገድ ሲከፈት አባቷ በእግርም በመኪናም እያለ አምጥቶ፣ የተነቀለው በራችን ላይ ቆሞ አስረከበኝ። ብርሃኑ አጠገቤ ነበር። ያን ቀን እሱም አልቅሷል።

ውኃው መፍላት ጀመረ። ሰይድ ወረንጦውን አንሥቶ ወደ ቀለበቱ እጁን ዘረጋ።

«ከታጠበ ከሥሩ ያለው ይሄዳል?» አልሁት።

«ይሄዳል እትዬ። ሁሉም ይሄዳል።»

«እንግዲያው ወረንጦውን አስቀምጠው።»

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ኢንሹራንስ አይረባም እያልሁ አይደለም። ልጄም ክፉ ሰው አይደለም፤ የተነቀለ በር ያየ ሰው ቁልፍ ቢያበዛ አልፈርድበትም። እንዲህ ያለ ዕቃ ካላችሁ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት፣ አስመዝኑት፣ ፎቶውን አስነሡ፣ የተጠገነውን አትደብቁ። እኔም ኋላ ይህንን አድርጌአለሁ። ብቻዬን በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወርጄ፣ የተገዛበትን ጊዜ አሳርሜ፣ ወረቀቱን አስጨርሻለሁ። ቀለም በሚለው ፊት «ሳይጸዳ የታየ» ተብሎ ተጽፏል። ሰላማዊት እንዲህ ያለ ነገር ስትጽፍ የመጀመሪያዋ መሆኑን ነግራኛለች። ውሉን ግን አልፈረምሁም፤ እኔ የምፈልገውን የሚሸፍን ውል የላቸውም፣ እሷም አልዋሸችኝም።

በእኔ ላይ የተለወጠው ሌላ ነው። አባቴ ስለ እኔ ይመልስ ነበር፣ ባለቤቴም፣ ፋብሪካው ውስጥ አለቃዬም። ሁሉም በቅንነት ነው። ዕድሜዬ ሰባን ካለፈ በኋላ አንዲት የማላውቃት ልጅ ዓይኔን እያየች «ማነው የሚያደርገው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ልጄ ሲመልስላት ደግሞ መልሱን ከእኔ ጠበቀች። አንድ ቃል ነው የመለስሁት። ከዚያ ወዲህ በጉዳዬ ላይ ሰው ሲመልስልኝ ዝም ብዬ አላውቅም፤ ለቤተሰቤ ይህ ደስ የሚል ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ብርሃኑ ሁለት ሳምንት ያህል አኮረፈኝ። አሁን «እማዬ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» ይለኛል። ሁልጊዜ የምለው ነገር የለኝም። መጠየቁ ግን ደህና ነው።

ይህን ሁሉ ያን ቀን አላልሁም። ቀለበቱን ከነጩ ወረቀት ላይ አንሥቼ በጣቴ አደረግሁት። የብርሃኑን ጃኬት ከወንበሩ ላይ አነሣሁና ሰጠሁት። ፋጡማ ከደጃፉ ወርዳ መንገዱ ዳር ደርሳ ነበር። ደረስሁባት፣ ክንዷን ያዝሁ፣ ሄድን።